ጥቁሩና ግራጫው

ሰኔ 22

ጡረታ ስወጣ ለራሴ አንድ ነገር እገዛለሁ ስል የኖርኩት ይህንን ነው፤ ዳክ። ዛሬ ለማርቲ በስልክ ነገርኳት። ማርቲ ልጄ ናት፤ መሪ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ባንክ ትሠራለች፣ ለሁሉም ነገር ማስረጃ ትጠይቃለች።

«አባዬ፣ ዳክ ምንድን ነው?»

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሙዚቃው የተቀመጠው በቁጥር ነው፤ ጆሮ ደግሞ ቁጥር አይሰማም። ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ሣጥን ዳክ ይባላል አልኳት።

«ስልኬ ውስጥ የለም እንዴ?»

አለ። ሻይም በየመንገዱ አለ። ዋጋውን ስነግራት «አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለች። ስለዚህ ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በስልክ መሥመር ሥራ ላይ ነው። የሰው ድምፅ ሲንጫጫ፣ ሲቆራረጥ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ሲመጣ ሳክም ኖርኩ። አሁን በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ጥርት ያለ ነገር መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐመልማል ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ አላት። የአንገቷ እንቅርት ከፋሲካ ወዲህ አድጓል። በሻርፕ ትሸፍነዋለች።

ሰኔ 26

ገመቺስ ሁለት ዳኮች ይዞልኝ መጣ። ገመቺስ መሪ ሠፈር ከቤቱ ሆኖ የድምፅ ዕቃ ይሸጣል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራኑን ድምፅ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። አንዱ እዚሁ ይቀራል፣ ሌላውን የሚጠብቅ ደንበኛ አለው። እስከ ጳጉሜን ጊዜ ሰጠኝ።

ጥቁሩ አዲስ ነው፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ የመጨረሻው ቺፕ የገባበት። ግራጫው ያገለገለ ነው፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይነሣም። ውስጡ ቺፕ ሳይሆን እንደ መሰላል የተደረደሩ ሬዚስተር የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ናቸው ያሉት። ሲሞቅ ትንሽ ይሸታል።

«ጋሼ፣ በሚያውቁት ድምፅ ይፈትኗቸው» አለኝ። «በማያውቁት ድምፅ ሁሉም ያምራል።»

ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሯችን አሮጌ ነው፣ ኮርኒሱ ስስ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሰው ከሰው ጋር እንኳን በጩኸት ነው የሚነጋገረው። ገመቺስ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ፤ ዳክ ከመግዛትዎ በፊት ጣሪያ ቢገዙ?»

ክረምት ላይ የካ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ዳክ መምረጥ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። በጥዋት እሰማለሁ፤ ሌላውን ጊዜ እጠብቃለሁ።

ሐመልማል ሐኪም ቤት ብቻዋን ሄደች። አብሬሽ እሄዳለሁ ብያት ነበር፤ የገመቺስ ሰዓትና የሷ ሰዓት ተጋጨ። «ዕቃህን ተቀበል፤ እኔ ሕፃን አይደለሁም» አለችኝ። ስትመለስ መሽቶ ነበር።

«ምን አለሽ?»

«ይወጣል አለ። ቀላል ነው።»

ቦርሳዋ ውስጥ የናስ ቃጭል አየሁ። ለክፍሏ መግዛቷን ነገረችኝ። ሦስተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ጀምሮ ቃጭል ይዛ አታውቅም። ግቢው በር ላይ ቆማ አንድ ልጅ ስትጠራ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ነው የሚዞሩት።

ሰኔ 30

መብራት የለም። ምንም አልሰማሁም።

ሐምሌ 3

ለደም ምርመራ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ተራ ስትጠብቅ ዶክተር ፍቅረማርያም ኮሪደሩ ላይ ወደ ጎን ወሰደኝ። ወጣት ነው፤ ሲናገር የሰው ዓይን ያያል። ከእንቅርቱ ጀርባ እንደ ልብስ ስፌት ክር የቀጠነ ነርቭ አለ አለኝ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ የሐመልማል ግን እንቅርቱ በነርቩ ላይ ተደግፎ ነው ያደገው። ድምጿ ሊሻክር ይችላል። ሊደክም ይችላል። ሊሄድም ይችላል። መተው ደግሞ አይቻልም፣ መተንፈሻዋን እየተጫነ ነው።

«ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረናል» አለኝ። ስለ ቀኑ መሆን አለበት። ኦፕራሲዮኑ ነሐሴ 20 ነው።

ለማርቲ ደወልኩ። ለእናቷ እንዳንነግራት ተስማማን። «እማዬ ካወቀች አትገባም» አለች። እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር። በእኛ ቤተሰብ ወጉ እንዲህ ነው፤ አባቴ የታመመው ምን እንደሆነ ከአባቴ በስተቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ ተከራከረች። ረዳቱ ተሸነፈ።

ጥቁሩን ደጋግሜ ሰማሁት። አንዱንም ዘፈን የት እንዳለቀ አላውቅም።

ሐምሌ 5

ገመቺስ በሚያውቁት ድምፅ ይፈትኑ ያለው ትክክል ነው። አሰብኩበት። ከማንም በላይ የማውቀው የሐመልማልን ድምፅ ነው። ስለዚህ መቅዳት አለብኝ። ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ነው።

ቀድሞ የተቀዳ ካለ ብዬ ስልኮቹን ሁሉ ፈለግሁ። የማርቲ ምርቃት አለ፣ የሠርግ አለ፣ የጥምቀት አለ። የምትቀርጸው ሁልጊዜ እሷ ስለነበረች በአንዱም ውስጥ የለችም። ከካሜራው ጀርባ «ሳቁ እንጂ፣ ፎቶ ብቻ አይደለም» ስትል ይሰማል፤ በቃ።

ምሳ ላይ ነገርኳት።

«ሐሙ፣ ዳኩን ለመምረጥ ድምፅሽን ልቀዳው ነው።»

«የኔን? ዘፋኝ ጠፋ?»

«የማውቀው ድምፅ ያስፈልገኛል።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ስጠራህ የማትሰማውን ድምፅ ዛሬ አወቅኸው?»

«እስኪ ይደርሳል» አለችና ሳህኑን አነሣች። ፊቷን ሳላየው ወደ ኩሽና ገባች።

ሐምሌ 9

የቤቱ ድምፅ ከፍ ብሏል፤ ፈተናዬን እያበላሸብኝ ነው። ሐመልማል ምስር እየለቀመች ታዜማለች። ስታዜም ሰምቻት አላውቅም፤ ዜማም የላትም። ከዚያ ስልክ ላይ ትጣዳለች። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቿን፣ ከኮሌጅ ወዲህ ያላየቻቸውን ጓደኞቿን፣ ያኔ ያስተማረቻቸውን ልጆች እየፈለገች ትደውላለች። «ዝም ብዬ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ትላቸዋለች፤ ከዚያ ግን የምታወራው እሷ ናት።

ውሻችንን ቦቢን ደግሞ በጭብጨባ መጥራት እያስለመደችው ነው። አንዴ ስታጨበጭብ ከጓሮ እየበረረ ይመጣል፣ ቁራሽ ዳቦ ትሰጠዋለች።

«በስሙ ብትጠሪው ምን አለበት?» አልኳት።

«በስሙማ ሁሉም ይጠራዋል» አለች።

ሐምሌ 14

ጥዋት ዝናብ አልነበረም፣ መብራትም ነበር። እንዲህ ያለ ጥዋት በክረምት ብርቅ ነው። ጥቁሩንና ግራጫውን እያቀያየርኩ ዘፋኟ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ላይ ስደርስ ከውጭ ጧ፣ ጧ።

ወጣሁ። ሐመልማል ልብስ ማስጫው ሥር ቆማለች።

«ምነው፣ ሆቴል መሰለሽ? አሳላፊ ነው የምትጠሪው?»

ሳቀች። «ከወጣህማ ያን ባልዲ አቀብለኝ» አለች።

ቦቢ ደረጃው ላይ ተጋድሞ ያየናል። ንቅንቅ አላለም። ስልጠናው እንደተበላሸ ነገርኳት፤ አንዴ ሲጨበጨብለት ይመጣል፣ ሁለቴ ሲሆን ግራ ገብቶታል። አንድ ሥርዓት ይዛ እንድትቀጥል መከርኳት።

«ቀስ በቀስ ይገባዋል» አለች።

ሐምሌ 17

ጧ፣ ጧ። ወጣሁ። ጃንጥላዋ የት እንዳለ ልትጠይቀኝ ነው። እጇ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 18

ጧ፣ ጧ። መስኮት ክፈትልኝ። ቦቢ ዛሬም አልተነሣም። ውሻው ደንቆሮ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 20

እሑድ። ማርቲ መጣች። እናትና ልጅ ኩሽና ሆነው በሹክሹክታ ያወራሉ። ውኃ ልጠጣ ስገባ ሐመልማል «አባትሽ ቶሎ ይደነግጣል፣ አንቺ ነሽ…» ስትል ደረስኩ። ሐመልማል ወደ ድስቱ ዞረች። ስለ ዳኩ ዋጋ መሆን አለበት። ማርቲ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

ማርቲን ልሸኝ ስወጣ «ምንም አልነገርሻትም አይደል?» አልኳት።

«አልነገርኳትም፣ አባዬ» አለች። እውነቷን ነው የነገረችኝ ብዬ አምናለሁ።

ቀረጻውን አንሥቼ ነበር። «ጾሙ ሊገባ ነው፤ ጾሙ ሲወጣ» አለች ሐመልማል። የማትፈልግ ሰው አትመስልም፤ የምትፈልገውን ነገር ለኋላ የምታስቀምጥ ትመስላለች። ስትበላም ሥጋውን መጨረሻ ላይ ነው የምትበላው።

ሐምሌ 27

እትዬ ዘውድነሽ ከእንጦጦ ወረዱ። የሐመልማል ታላቅ እህት ናቸው፤ ማርያም ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ስፒከሮቹን አይተው «ይኼ ነው የሚያናግርህ?» አሉኝ። ፍልሰታን ሐመልማል እሳቸው ዘንድ እንድትጾም፣ ጠበሉንም እንድትጠጣ ይፈልጋሉ። ጠበሉን አልተቃወምኩም፤ የኦፕራሲዮኑ ቀን ግን አይነካም አልኩ።

«ማን ይንካ አለህ? ለሁለቱም ጊዜ አለው» አሉ። ሲሄዱ የሐመልማልን አንገት በሁለት እጃቸው ረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። እኔ የግራጫውን ሽቦ አስተካክል ነበር። ሽቦው ምንም አልሆነም ነበር።

ነሐሴ 4

ጾም ስለሆነ ስፒከር አልከፍትም። ማንም አልከለከለኝም፤ በዚህ ቤት ግን በፍልሰታ ዘፈን ተሰምቶ አያውቅም። በሄድፎን እሰማለሁ። ሐመልማል ከቅዳሴ ተመልሳ ሳላያት መጣችና ከአንድ ጆሮዬ ላይ አነሣችው።

«ይኼን ነገር ጆሮህ ላይ አታድርግ።»

«ጾሙን ብዬ እኮ ነው።»

«ስፒከሩን ክፈተው። እግዜር ይፍታህ፣ እኔ ልጹምልህ። ይኼን ግን አታድርግ። ከጓሮ ስፈልግህ ቆየሁ፤ አትሰማም።»

እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም። ሄድፎኑን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ለዚህ ያህል ነገር ለምን እንደተናደደች አልገባኝም።

ነሐሴ 10

ሐመልማል ጥቂት ቀን እህቷ ዘንድ ሰንብታለች፤ ልወስዳት እንጦጦ ወጣሁ። ጉሙ ዛፉን ግማሽ ድረስ ውጦታል። እሷ ከእህቷ ቤት ወጥታ በእግር እንውረድ አለች። ፓርኩ በር ላይ መኪና ተሰልፏል፤ ከወዲያ በገመድ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ይጮኻሉ። ቆማ አዳመጠቻቸው።

«ሲጮኹ ደስ ሲል» አለች። ከዚያ፣ «ኃይሌ፣ ድምፅ ከሰውዬው ምን ያህሉ ነው?»

የሴት ድምፅ መሠረቱ ሁለት መቶ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሌላው በሱ ላይ የሚደራረብ ነው አልኳት።

አንድ ግንድ ተደግፋ ሳቀች። ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «እኔን የሰጡኝ ለዚህ ሰውዬ ነው» አለች ለባሕር ዛፉ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን እሷ ስለሳቀች ነው። ሁለት መቶ ኸርዝ ያልኩት ስህተት አይደለም። ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፣ አላልኩትም።

ነሐሴ 17

ቀዳን።

ጥዋት ሰማዩ ብሩህ ነበር። መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቦቢን ጎረቤት አስቀመጥኩ። ማይክሮፎኑ ከገመቺስ ቤተ ክርስቲያን የተዋስኩት ነው። ሐመልማል እንደ እንግዳ ለብሳ፣ ሻርፗን አስተካክላ መጣች። የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛለች።

አነበበች። ስለ ንብ የሚል ምንባብ ነው። እንደ ወላጆች ቀን አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እያስቀመጠች አነበበችው። እኔ የድምፁን መጠን የሚያሳየውን ሜትር አያለሁ። ወደ መጨረሻው ሜትሩ ደበዘዘብኝ፤ መነጽሬን ጠረግሁ።

«አለቀ?» አለች። ማጥፋቱን ረስቼ ነበር። «እንግዲህ ያን ብርድ ልብስ ስታወርደው እጠፈው። እንደ ባለፈው ወንበር ላይ ጣል አድርገኸው እንዳትሄድ። ሰማኸኝ፣ ኃይሌ?»

ይህም ተቀዳ።

አብረን ሰማነው። መጀመሪያ በጥቁሩ። ንጹሕ ነው። ከጀርባው ምንም የለም፤ እያንዳንዱ ፊደል ይታያል። ሐመልማል ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። «ይቺ ዜና አንባቢ ናት» አለች። «ጥሩ ሴትዮ ትመስላለች።»

ከዚያ በግራጫው። ትንሽ ሻካራ ነው፣ ደረቱ ወፈር ይላል። ንቧ አለፈች፤ ብርድ ልብሱ ጋ ደረሰ። «ሰማኸኝ፣ ኃይሌ?»

«አዎ» አልኩ፣ ለስፒከሩ።

ሐመልማል ወደኔ ዞረች። «አንተን ያገባችው ይቺ ናት» አለች።

በልኬት ጥቁሩ ይበልጣል። ጩኸቱ ያነሰ ነው፣ ስህተቱ ያነሰ ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው እንዳልረሳው ነው። አልወሰንኩም።

ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ረስቼዋለሁ። አሁን ትዝ አለኝ።

ነሐሴ 19

ሐኪም ቤት አስተኟት። ነርሷ የሚፈረም ወረቀት ሰጠቻት። ሐመልማል የቆሎ መጠቅለያ እንኳን ሳታነብ አትጥልም፤ መነጽሯን አውጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ምነው ስለ ድምፁ ባልተጻፈበት እል ነበር። ጨርሳ ፈረመች። «ነጠላ ሰረዝ ይጎድለዋል» ብላ መለሰችላት። ስለ ድምፅ የተጻፈ ነገር ቢኖር እንዲህ አትቀልድም ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቦርሳዋ ውስጥ ቃጭሉ አለ። «ለክፍሉ አልነበር?» አልኳት። «ይኑር» አለች።

ቤት ብቻዬን ነኝ። ቦቢ በሩ ላይ ተኝቷል። ሁለቱንም ዳኮች አልከፈትኩም። ፈርቻለሁ።

ነሐሴ 20

በአልጋ ሲገፏት እጇን ያዝኩ። አንድ ነገር ልላት ነበር። ቀደመችኝ።

«ግራጫውን ያዝ» አለች። «ብርድ ልብሱንም እጠፍ።»

በሩ ተዘጋ። ማርቲ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ከዚያ በኋላ ጠበቅን።

ነሐሴ 21

እንቅርቱ ወጥቷል፣ ክፉ ነገር የለበትም። ነርቩ አልተቆረጠም፤ ግን ተጎትቷል አለ ዶክተሩ። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ተወችው። ዶክተሩ በወራት ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል፣ ላይመለስም እንደሚችል፣ እስከዚያ ማስገደድ እንደሌለባት ነገረን። እሷ እንደሚያዳምጥ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ወንበር ያቀረበችልኝ ማርቲ ናት።

ነሐሴ 26

ቤት ገባን። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይጠይቃል። ሐመልማል አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ፈገግ ትላለች፣ እጅ ትነሣለች። ሰው ሲበዛባት ቃጭሉን አንዴ ትመታለች፤ ሁሉም ይስቁና ይነሣሉ። እትዬ ዘውድነሽ ብቻ አይነሡም።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለማዳመጥ ከዚህ የተመቸ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። ሐምሌን ሙሉ የተማረርኩበትን ጩኸት እየፈለግሁ ከክፍል ክፍል እሄዳለሁ።

አውቀን ሳንነግርሽ ቀረን ልላት ይገባል። ማርቲ «ትንሽ ትጠንክር» ትላለች። ባየኋት ቁጥር አፍራለሁ።

ጳጉሜን 2

ገመቺስ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መጣ። ሐመልማልን ጎንበስ ብሎ ጠየቃት፣ ከዚያ ወደኔ ክፍል ገባን። የቀረጽኩትን በሁለቱም አሰማሁት። ንቧ ብቻ፤ ብርድ ልብሱ ጋ ሳይደርስ አቆምኩት።

«ጋሼ፣ ጥቁሩ ነው» አለ። «ምንም ጥያቄ የለውም። ጥቁሩን ነው የሚይዙት አይደል?»

«ጥቁሩን ውሰደው።»

«ለምን?»

«ባለቤቴ መርጣለች።»

ገመቺስ ነጋዴ ነው፤ ስለ ድምፅ ሊከራከረኝ ይወዳል። አልተከራከረኝም። ጥቁሩን በካርቶኑ አሽጎ፣ ማይክሮፎኑን በኪሱ ከቶ ሄደ። ግራጫው ብቻውን መደርደሪያው ላይ ሰፊ ሆኗል።

ጳጉሜን 3

ዝናቡ ጥዋት ነበር፤ ከቀትር በኋላ አባራ። ሐመልማል መኝታ ቤት ጋደም ብላለች። እኔ ሣሎን ሆኜ በግራጫው እሰማለሁ፤ ዝቅ አድርጌ፣ እንዳትሰማኝ። «ሰማኸኝ፣ ኃይሌ?» የሚለው ጋ ስደርስ እየመለስኩ ነበር።

ጧ፣ ጧ።

ቦቢ እግሬ ሥር ነበር። ጆሮውን እንኳን አላነሣም። እኔ ኮሪደሩ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። «ሆቴል መሰለሽ» የሚለው ነገር ከልማድ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ሐመልማል ትራሱን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿ ገና እንደተገናኙ ናቸው። ታየኛለች።

ባልዲው። ጃንጥላው። መስኮቱ። ሐምሌን ሙሉ ሁለቴ ስታጨበጭብ እየተናደድኩ እወጣ ነበር፤ አንድ ጊዜም ቀርቼ አላውቅም። ቦቢ አንዴ ሲጨበጨብ ይመጣል፤ ሁለቴ የሱ አልነበረም። ውሻው ትምህርቱን ጨርሶ ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወደ ሣሎን፣ ወደ ግራጫው አመለከተች። ዳኩ የመጣ ቀን። ብቻዋን የሄደች ቀን። ዶክተሩ ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረናል ያለኝ ይህንን ነው። እኔ እንዳልደነግጥ ብላ ያን ሁሉ ክረምት ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ እኔም ከእሷ ስደብቅ ለኔ ስትል እንዳላወቀች ሆናለች።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ ድምፅ አውጥቼ ነው ያለቀስኩት፣ ለሁለታችንም። እሷ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያ በጣቷ መስኮቱን አሳየችኝ።

ከፈትኩላት። ልትጠራኝ የፈለገችው ለዚያ ነበር።

ጳጉሜን 5

ብርድ ልብሱን አጠፍኩት። አሁን ስሰማ በሩን ክፍት ትቼ፣ ዝቅ አድርጌ ነው። ግራጫው ዝቅ ሲል ጥራቱ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ሄድፎኑን ለማርቲ ሰጠኋት።

ቃጭሉ መስኮቱ ላይ ነው። ትምህርት ሲከፈት ይዛው እንደምትገባ በእጇ ነግራኛለች። ዶክተሩ ገና ነው ብሏል። እሷ ግን ጫማውን አጥልቆ አላወልቅም እንዳለ መንገደኛ ናት፤ ደብተሮቿን እየለበደች ነው።

መስከረም 1

ፀሐይ ወጥታለች። ሐመልማል ጥዋት ግቢ ወጥታ አንዴ አጨበጨበች። ቦቢም እኔም ሄድን።